አንድ ጥማድ ለሁለት ማሳ

እቴነሽ አንድ በሬ አላት። ስሙ ዳለቻ ነው፤ እንደ ማለዳ ጉም ግራጫ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ ባሏ ካረፈ ወዲህ ከወንዙ ማዶ ካለው ከረድዋን ጋር መቀናጆ ናት። ረድዋንም ያለው ቡሬ የሚባል አንድ በሬ ብቻ ነው። ሁለቱን ይጠምዱና ተራ በተራ፣ አንዴ የእሱን አንዴ የእሷን ማሳ ያርሳሉ። እርፉን የሚጨብጠው ሁልጊዜ ረድዋን ነው። በእነሱ አገር ሴት አታርስም።

ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ። ከሸዋ ሮቢት በታች ያለው ቆላ ሲነድ ከረመ፤ ከጀውሃ የሚመጡት መኪኖች ከሩቅ ሲታዩ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። እቴነሽ ቤት የቀረው ለዘር የተለየው ማሽላ ብቻ ነው። ልጇ መቅደስ እያየች እንዳይርባት ቆጥ ላይ ሰቅላዋለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ቆላ ላይ እርጥበት ችኩል እንግዳ ነው፤ ሳይቀመጥ ይሄዳል። አርብ ያልተዘራ ማሳ ቅዳሜ ይደርቃል። የአርቡ ተራ ደግሞ የረድዋን ነበር። መቅደስ እናቷን ሄደሽ ለምኚው አለቻት። እቴነሽ ግን እሱም ልጆች እንዳሉት ነገረቻት።

ጎህ ሲቀድ ዳለቻን ነድታ ወጣች። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር በታች በኩል ዞራ ተሻገረች። የረድዋን ማሳ ላይ ማንም አልነበረም። ዳለቻ እርጥቡ አፈር ላይ ቆመ፤ ጉሙ ከጎኑ ሲነሳ ሌላ በሬ አብሮት የቆመ ይመስል ነበር። እቴነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የአፈሩን ሽታ እየሳበች ጠበቀች። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ አድጎ፣ መቅደስ በመሃሉ እሸት ታቅፋ ስትሄድ ታያት። ብትጠራት አትሰማም፤ ቅጠሉ ይንሿሿል።

ፀሐይ ፊቷን ሲነካት ባነነች። ጉሙ የለም። ረድዋንም አልመጣም።

ወደ ወንዙ ስትመለስ፣ ቡሬን ይዞ ሞፈርና ቀንበር የተሸከመ ሰው ከወንዙ ማዶ፣ በእሷ ቤት በኩል ቆሞ አየች። ረድዋን ነው።

«እትዬ፣ የት ጠፉ? ማሳዎ ላይ ቆሜ ፀሐይ ወጣብኝ።»

«የእኔ ማሳ ላይ ምን ትሠራለህ? ተራው ያንተ አይደለም?»

ተራውን ሊለቅላት እንደመጣ ነገራት። አስቀድሞ ያልነገራት እምቢ እንደምትለው ስለሚያውቅ ነው። በላይኛው መሻገሪያ ዞሮ ነበርና በመንገድ ተላለፉ።

እቴነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ያንድ በሬ ሰዎች መሆናችን አንሶ፣ ደግሞ ደግነት አማረን።»

ረድዋንም ሳቀ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ፀሐዩን አየ። ሁለቱን ማሳ የሚያዳርስ ጊዜ አልነበረም። የእሱ ከፍ ያለ ስለሆነ መድረቅ ጀምሯል። የእሷ ግን ረባዳ ነው፤ ጥቂት ይቆያል። እቴነሽ ዘሩን ከሚስቱ ተቀብላ እንደምትሻገርና በእሷ ማሳ አንድ ላይ እንደሚዘሩት ነገረችው።

«ለሁለት ቤት አይበቃም፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

የሁለቱን ቤት ዘር፣ ቀዩንና ነጩን ማሽላ በአንድ እንቅብ ቀላቀሉት። ረድዋን እየበተነ፣ እያረሰ ግማሹን እንዳዳረሰ የጁምዓ አዛን ተሰማ። በሬዎቹን ጥላ ሥር አቁሞ ሄደ።

እቴነሽ አፈሩን አየችው፤ ከዳር በኩል እየነጣ ነው። የቀረውን ዘር በተነችና በሬዎቹን መልሳ እርፉን ጨበጠች። ዳለቻና ቡሬ ዞር ብለው እንኳ አላዩአትም። በላይ የሚባለው ጎረቤቷ በመንገዱ ሲያልፍ አይቷት ቆመ።

«እቴነሽ፣ ሱሪ ልላክልሽ?»

«ላክልኝ፤ ከነበሬው።»

ረድዋን ከስግደት ሲመለስ ማሳው አልቆ አገኘው። የመጨረሻዎቹ ትልሞች እንደ ወንዙ ይጠማዘዛሉ። እቴነሽ አፍራ እንዲያቃናቸው ጠየቀችው። እሱ ጎንበስ ብሎ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከተተ፤ ከሥሩ ገና ርጥብ ነው።

«ይተዉት፣ ዘሩ እንደተኛ ይብቀል» አለና ዳለቻን ከቀንበሩ ፈታው።