የጋሽ በረኪና ዓሦች

ፊት ለፊት ደፍሮ የሚጠራው የለም እንጂ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «ጋሽ በረኪና» በሚል ስም ነው። ላውንደሪ ቤት ከከፈተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የሰው ሸሚዝ አንገት ላይ ያለች እድፍ ከመንገድ ማዶ ትታየዋለች፤ ሰላም ሲላችሁ እንኳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እጅጌያችሁ ላይ ነው።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በሃምሳ ዓመቱ የዓሣ ፍቅር የያዘው። ጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ወርቃማ ዓሦች ሲዋኙ አየና ፈዞ ቀረ፤ ተራው ደርሶ ሦስት ጊዜ ቢጠራም አልሰማም። በሳምንቱ የራሱን የመስታወት ሣጥን ከነዓሦቹ ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ገተረው። ቦታ ስላልነበረ የሚስቱ የብርጭቆ ቡፌ ወደ ኮሪደር ተሰደደ።

ከዚያማ እንደ ልማዱ ሥራውን ጀመረ። መስታወቱን በሳሙና ፈተገ፣ ጠጠሩን ቀቀለ፣ የውሃ ማጣሪያውን ስፖንጅ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈ። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ዓሦቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስሉ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ጣሪያ አዙረው ተንሳፈፉ። «ንጽሕና ጎድሎባቸው ነው» አለና ሁለተኛዎቹን ከማስገባቱ በፊት ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ አጠበ። እነሱ ሁለት ቀን ቆዩ።

ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ቃል አታባክንም።

«የቀረህ አንድ ዕድል ነው» አለችው። «አሁን የምታመጣቸው ከሞቱ ቡፌዬ ቦታው ይመለሳል። መስታወትህን ሽንኩርት አስቀምጥበታለሁ።»

ጋሽ በረኪና ቱግ ብሎ ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄደ፤ በሽተኛ ዓሣ ነው የሸጥክልኝ ሊለው። ሻጩ ረጋ ያለ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ እስቲ እንዴት እንደሚያጥቡት ይንገሩኝ» አለው። እሱም አንድም ሳያስቀር በኩራት ዘረዘረለት። ወጣቱ እጁን በአፉ ላይ ጫነ። ስፖንጁ ላይ የሚይዘው ቡናማ ዝልግልግ ነገር እድፍ ሳይሆን ሕይወት ያለው መሆኑን፣ የዓሣውን ኩስ እየበላ ውሃውን ከመርዝ የሚያድነው እሱ መሆኑን አስረዳው። ከራሱ ማጣሪያ አሮጌ ስፖንጅ ቆርጦ ከሦስት ዓሦች ጋር ሰጠው፤ በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ እንዲቀይር እንጂ ሳሙና የሚባል ነገር እንዳያስጠጋ አስጠነቀቀው። ጋሽ በረኪና ያንን ጭቃ የመሰለ ስፖንጅ ብብቱ ሥር ደብቆ ወደ ቤቱ ገባ። ደንበኛ ቢያየው ሱቁን መዝጋቱ ነው።

ያ ወር እንዴት እንዳለፈ እሱ ነው የሚያውቀው። መስታወቱ አረንጓዴ እየሆነ መጣ። እጁን እየበላው ኪሱ ውስጥ ይከተዋል፤ ሲብስበት ተነሥቶ የተተኮሰ መጋረጃ እንደገና ይተኩሳል። ዓሦቹ ግን ወፈሩ። ትልቁን ዓሣ ሚስቱ «ሥራ አስኪያጁ» ትለው ጀመር፤ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይሠራ ወዲህ ወዲያ ስለሚንጎራደድ።

አንድ እሑድ አማቱ ሊጠይቋቸው መጡ። እኚህ ሴት ዱሮ ልጃቸውን የዳሩለት የሸሚዙን ንጣት አይተው ነው፤ እስከ ዛሬም ለጎረቤት ያወሩታል። አረንጓዴውን መስታወት ሲያዩ ወደ እሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ታመሃል እንዴ?» አሉት።

ሻይ ላምጣ ብሎ ወደ ወጥ ቤት ሸሸ። የሻይ ትሪ ይዞ ሲመለስ አማቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሳሙና የጠጣ ጨርቅ ይዘው ክንዳቸውን ወደ ውሃው እየሰደዱ ነው። ጋሽ በረኪና አፉን ከፈተ። ግን ምን ይበል? «እድፉን አይንኩብኝ» የሚል ቃል ከሱ አፍ እንዴት ይውጣ?

ሚስቱ ከሶፋው ተስፈንጥራ የእናቷን ክንድ ያዘች። «እማዬ፣ እጅሽን መልሺ። ቆሻሻው ነው የሚያኖራቸው። ሥራ አስኪያጁን ትገድዪብኛለሽ።»

አማቱ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እሱን አዩ። «አሃ፣ አንቺም ተለክፈሻል» አሉና ጨርቁን እንደያዙ ኮሪደር ወጡ። ቡፌው አጠገብ ሲደርሱ ጣታቸውን መደርደሪያው ላይ አሳርፈው አቧራውን ተመለከቱ።

«ይኼስ? ይኼም ዓሣ አለበት?»

«የለበትም» አለ ጋሽ በረኪና ፊቱ ፈክቶ። ትሪውን አስቀምጦ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ከአማቱ ጋር ተቀምጠው እያንዳንዷን ብርጭቆ ሦስት ሦስት ጊዜ አጠቡ።

ቡፌው እዚያው ኮሪደር ላይ ቀረ።