ጽዋውን ያነሣ ሰው

ንፋስ መውጫ፣ ከተከራየኋት ክፍል ፊት ለፊት፣ በኮባ ተጠቅልሎ የሚጋገር ዳቦ በሸተተኝ ቁጥር እስቴ ያለው ቤታችን ይመጣብኛል። በየዓመቱ በየተራ የምንደግሰው የሕፃኑ ንጉሥ ዝክር ሲደርስ ቤታችን እንዲህ ይሸት ነበር።

ንጉሡ በሰባት ዓመቱ ነገሠ ይላሉ። ስለዚህ በዝክሩ ቀን ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ መደቡ ላይ ይቀመጥና የመጀመሪያውን ጠላ እሱ ይጠጣል። እስኪጨርስ አዋቂው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። እኔም በተራዬ ተቀምጫለሁ። እግሬ መሬት አልደረሰም። ታላቅ ወንድሜ ከፊቴ ቆሞ፣ «ቀስ ብለው ይጠጡ፣ ጃንሆይ» ሲለኝ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ደጅ የቆሙት ሳይቀሩ ሳቁ።

ከዚያ ዓመት በዓመት ለዝክሩ የሚመጣው ሰው እየቀነሰ ሄደ። ጠብ አልነበረም። ብቻ ቀሩ። ጽዋውን የሚያነሣ፣ ማለት የሚቀጥለውን ዓመት ድግስ የሚረከብ ሲጠፋ ወንድሜ ሦስት ዓመት በተከታታይ አነሣ። ሞፈር ጠራቢው ጎረቤታችን ይቀልድበት ነበር።

«የሰባት ዓመት ልጅ በግ እንኳ በወጉ አይጠብቅ፣ አንተ ትደግስለታለህ!»

«አንተንስ በሰባ ዓመትህ ማን አነገሠህ?» ይለዋል ወንድሜ።

በአራተኛው ዓመት ወንድሜ ታሞ ጓዳ ተኝቶ ነበር። የመጡት ቄሱ፣ ጎረቤታችንና ሁለት አሮጊቶች ናቸው። መደቡ ላይ የሚቀመጥ ልጅ አልተገኘም። ቄሱ «እንግዲህ ማን ያነሣል?» አሉ። ማንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ትምህርት ልጨርስ ነው፣ ልሄድ ነው ብዬ።

ጓዳ ስገባ ወንድሜ ቀና አለ።

«ማን አነሣ?»

«ጎረቤታችን» አልኩት። ከአፌ እንዲሁ ወጣ።

«ያ ቀልደኛ?» ፊቱ በራ። «አየህ፣ አፉ ነው እንጂ ልቡ ደኅና ነው።»

በሳምንቱ ዐረፈ።

ዘንድሮ በዚያው በዝክሩ ቀን አገሬ ገባሁ። ጎረቤታችን ደጁ ላይ ሞፈር ይጠርባል። ተነሥቶ ሳመኝ፣ «ነፍስ ይማር» አለኝ። ከዚያ ስንጥሩን ከልብሱ እያራገፈ ጠየቀኝ።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

ነገርኩት።

«እንግዲያ ማዳበሪያ የሚሰጡት ነገ ነው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ምን ልበለው? ጽዋውን ማንሣቱን የሚያውቀው ወንድሜ ብቻ ነበር።