በርበሬ የነካው ልብ ወለድ

መጽሐፉን ስከፍተው አስነጠሰኝ። አንዴ ብቻ ቢሆን ብርዱ ነው ብዬ አልፈው ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲመጣብኝ ግን አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ አወቀው። በርበሬ ነው። ስንት ዓመት ካርቶን ውስጥ የከረመ፣ በየገጹ ጠርዝ ላይ ደርቆ የቀረ የእናቴ በርበሬ። ቤት ውስጥ "ይማርሽ" የሚለኝ ሰው አልነበረም። ውጭ የፍኖተ ሰላም ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ስልኬም ኔትወርክ ካጣ ሰንብቶ ሰዓት ከማየት በቀር ለምንም አይረባኝም።

በማግስቱ ቢሮ ይዤው ስመጣ አይተሽ ሳቅሽብኝ። "በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ዕድሜሽ ልብ ወለድ?" አልሽኝ። አዎ፣ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ዕድሜዬ። አላፍርም። ለምን እንደማላፍር ልንገርሽ፤ ከዚያ በኋላ ብትስቂም ግድ የለኝም።

የዛሬን አያድርገውና ያን ክረምት ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ ከቡሬ ወደ አገሬ ተመልሼ ነበር። አገሬ የምልሽ በሽንዲ መንገድ ወጣ ብሎ፣ ወንዝ ተሻግሮ የሚገኝ መንደር ነው። ቡሬ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብራኝ የተማረች ልጅ ነበረች። ትምህርቱን ትታ ወደ ዘመዶቿ ስትሄድ ለመታሰቢያ ብላ የሰጠችኝ ይህን መጽሐፍ ነው። ያን ጊዜም ሽፋን አልነበረውም፤ የደራሲውን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። ባዶ የስንቅ ከረጢቴን ጀርባዬ ላይ ጥዬ ቤት ስገባ ሁለት ነገር ይዤ ነበር፤ መጽሐፉንና የትምህርት ቤት ካርዴን። ካርዱ ላይ ከሁለተኛ ወደ ሃያ አንደኛ ወርጃለሁ። እናቴ ካርድ ማንበብ ባትችልም ቁጥር ታውቃለች።

አልተቆጣችም። አባቴ ልጅ እያለሁ ስላረፈ ቤቱም እርሻውም በእሷ ትከሻ ላይ ነበር፤ ለቁጣም ጊዜ አልነበራት። "ለመስከረም እናያለን" አለች ብቻ። ይህች ቃል ከዱላ ትብሳለች። የመንደራችን ስንት ሴት ልጅ "ለመስከረም እናያለን" ተብላ፣ መስከረሙ መጥቶ ሄዶ እሷ እዚያው ቀርታለች። ቡሬ ልመለስ ወይስ ልቅር የሚለው ያን ክረምት የሚቆረጥ ነገር ነበር፤ እኔም እናቴም እናውቀዋለን፤ አናነሳውም።

እኔ እንደሆንኩ ከመጽሐፉ ጋር ነበርኩ። ታሪኩ መምህርት እሆናለሁ ብላ እናቷን ተጣልታ ከተማ ስለገባች ልጅ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ሽሮ ጥዳ "እያማሰልሽ ጠብቂኝ" ብላኝ ወደ ጓሮ ወጣች። በአንድ እጄ ማማሰያ፣ በሌላው መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጎረቤት ጭስ አይታ እየጮኸች ስትገባ ነው። ሽሮው ከድስቱ ጋር አንድ ሆኖ ነበር።

በሳምንቱ የነፍስ አባታችን ቤት ጠበል ሊረጩ መጡ። ከመረጩ በኋላ ተቀምጠው ሳለ እናቴ ያ ድስት ትዝ አላት።

"አባ፣ ይችን ልጅ እስቲ ይምከሩልኝ። ኸመጽሐፍ ዓይኗን አላነሳ አለች" አለቻቸው።

"የምን መጽሐፍ? ዳዊት ነው?"

"ኧረ ምን ዳዊት! ልብ ወለድ ነው ትለኛለች።"

እሳቸው ቅኔ ቤት የከረሙ ሰው ናቸው፤ ቃል አገላብጠው ሳያዩ አይለቁም። "ልብ ወለድ፣ ልብ ወለድ" እያሉ ጥቂት አላመጡት። ኋላ ፈገግ ብለው፣ "ልብ ብቻውን የወለደው ማለት ነዋ። አባት የሌለው" አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔን ግን አንጀቴን ቆረጠኝ። "እኔም አባት የለኝም አባ። እኔንስ ምን ያድርጉኝ?" አልኳቸው። አፌን ከፍቼ ለካህን እንዲህ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር። ፊታቸው ጠቆረ። ብድግ ብለው መስቀላቸውን አወጡና፣ "ይህን መጽሐፍ ዓይንሽ እንዳያይ፣ አንደበትሽ እንዳያነብ በሥላሴ ስም ገዝቼሻለሁ!" ብለው ወጡ።

አንቺ ከተማ ያደግሽ ነሽና ግዝት ምን እንደሆነ ላይገባሽ ይችላል። የገዘተሽ ካህን ራሱ "ይፍታሽ" እስኪልሽ ድረስ እንደታሰርሽ ነሽ። ግዝት ያፈረሰ ሰው ያለበትን ቤት እህል በረዶ ይመታዋል ይባላል፤ የእኛ በቆሎ ደግሞ ገና ወገብ መድረሱ ነበር። ለራሴ ቢሆን አፈርሰው ነበር። ለእናቴ በቆሎ ስል አላፈረስኩም። እሷም በሩ ላይ ቆማ የሄዱበትን እያየች፣ "እኔ ምክር ነው እኮ ያልሁ" ስትል ሰማኋት።

መጽሐፉን ግን አልደበቅሁትም። ዘግቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ስበላም፣ በርበሬ ስቀነጥስም እዚያው ነው። ክረምት ዋጋው ይሻላል ተብሎ የቆየ በርበሬ ነበረን፤ እርጥበት እንዳይዘው እሳት አጠገብ አስጥተን፣ የሻገተውን እየለየን እንቀነጥሳለን። ዝናቡ ሲበረታ በሩን ገርበብ እናደርገዋለን፤ በመሃል የምትገባው ብርሃን የበርበሬውን ብናኝ ታሳያለች። እናቴ ያን የተዘጋ መጽሐፍ እያየች ስንት ቀን ቻለች።

"ለመሆኑ ምን ቢኖርበት ነው እንዲህ ድስት የሚያሳርር?" አለችኝ አንድ ቀን።

መንገር አልተገዘተም። ነገርኳት። ልጅቷ ከቤት እንደወጣች፣ ከተማ ሰው ቤት እየሠራች እንደተማረች፣ ለእናቷ አንድም ቀን እንዳልላከች ነገርኳት። እናትሽ ታማለች የሚል ደብዳቤ በሐምሌ እስኪደርሳት ድረስ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። እናቴ እጇ መቀንጠሱን ትቶ ነበር።

"ኸዚያስ?"

"ከዚያማ አላውቅም። ገዝተውኛል።"

በማግስቱ በቆሎ ስንኮተኩት ቀና ብላ፣ "ሐምሌ እኮ ወንዝ ይሞላል፤ እንዴት ትሆን ይሆን?" አለች። ማንን እንደምትል ጠፍቶኝ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጋ መጽሐፉን ከጉልበቴ ላይ አነሳችው።

"እኔን የገዘተኝ የለም" አለች።

እናቴ በልጅነቷ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ ነበር። የቆጠረችውን ግን ጋብቻው፣ እርሻውና ልጁ አስረስቷታል። ዓይኔ እንዳያይ ጀርባዬን ሰጥቻት ተቀመጥኩ፤ እሷ እኔ ካቆምኩበት ጣቷን በየመስመሩ ላይ እያስኬደች ጀመረች።

"ይች መነጽር የመሰለችው ማን ነበረች?"

"መ ናት።"

"ይች ኮፍያ ያረገችውስ?"

"ከኮፍያው በታች ምን ትመስላለች?"

"መስቀል።"

"እንግዲያው ቸ ናት።"

የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ገጽ አነበበች። ላብ አጥምቋት ነበር፤ ኩትኮታ ላይ እንኳ እንዲያ ሲያልባት አይቼ አላውቅም። መጽሐፉ "ከዚያ" ሲል እሷ "ኸዚያ" ትላለች፤ አላረምኳትም። ፍልሰታ ሲገባ ጠዋት ቅዳሴ ታስቀድሳለች፣ ከሰዓት ታነብልኛለች። ጎረቤታችን "በጾም?" ብትላት፣ "ጾሙ የሆድ ነው፤ በዓይኔ ምን አገባው?" ብላ መለሰችላት። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ስንት ዘመን ተቀብሮ የኖረ እልኸኝነት እንደነበራት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከጀርባዬ ያ ድምፅ፣ የዝናቡ ድምፅ፣ የሚቆጠቁጠው የበርበሬ ሽታ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎኝ የከረምኩበት ክረምት የለም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ጳጉሜን ላይ ደረሰ። ልጅቷ እናቷን ልታይ ስትገሰግስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃት። እናቴ እዚያ ላይ ቆመች። ሳል ያዛት። "በርበሬው ነው" አለች። ከዚያ ቀጠለች፤ ያውም ሳትደናቀፍ።

"ልጅቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አርጋ ገባች። ውኃው ደረቷ ድረስ መጣ። ተሻገረች። እናትየው ደጅ ቆማ ነበር፤ አቀፈቻት። ሲነጋም፣ በይ ወደ ትምህርትሽ አለቻት።"

መጽሐፉ ሲዘጋ ሰማሁ። ዘወር ብዬ፣ "እማ! አንድም ፊደል ሳትጠይቂኝ!" አልኳት። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። "ለመድሁት መሰለኝ" አለችኝ።

ለእንቁጣጣሽ የነፍስ አባታችን መጡ። እናቴ ጉልበታቸውን ስማ ቀና አለችና እንዲህ አለች፦ "አባ፣ መጽሐፉን እኔ አንብቤላታለሁ፤ ልትማር ኸቤት ስለወጣች ልጅ ነው። ጥፋት ኸሆነ ግዝቱ በእኔ ይሁን። ልጄ ግን ቡሬ ትመለሳለች።"

እሳቸው መስቀላቸውን አሻሹ።

"ኋላስ ያች ልጅ ምን ሆነች?" አሉ።

"ተሻገረች።"

"ተሻገረች?"

"ወንዙንም ተሻገረች፣ እናቷንም አገኘች፣ ትምህርቷንም ቀጠለች።"

"እኔስ የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ መጨረሻው ሞት ነው ብዬ ነበር" አሉ። ከዚያ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝ።

ስሄድ መጽሐፉን ልይዝ ስል እናቴ ከለከለችኝ። "ይሄንስ ተይልኝ፤ ያነበብሁት እንዳይጠፋኝ" አለች። እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ውኃው ድፍርስ ነበር። ጉልበቴን ሲያልፍ ዞሬ አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ማዶ ወጥቼ እጄን ሳነሳላት ድንጋይ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሳቅሁባት። ይህችን ሳቅ አሁን ብመልሳት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ስልክ ገዛሁ። ልብ ወለድ ማንበብ መቼ እንደተውኩ እንኳ አላውቅም፤ ማንም ሳይገዝተኝ ተውኩት። እናቴ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ዕቃዋ በካርቶን መጣልኝ፤ አልከፈትኩትም። ዘንድሮ ኔትወርኩ ሲጠፋ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ቁጭ ብዬ ቆርቆሮ ከማዳምጥ ብዬ ከፈትኩት።

መጀመሪያ አምስት ገጽ አንብቤ ስልኬን አነሳሁ፤ ልማድ ነዋ። በሦስተኛው ቀን ስልኩ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ባለፈው እሑድ ሽሮ አሳረርኩ ብልሽ ታምኛለሽ? ያረረውን ድስት ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ። ያኔ ካቆምኩበት ጀምሮ በየገጹ ጠርዝ፣ በየመስመሩ አንጻር፣ ቀይ የጣት አሻራ አለ፤ እናቴ እየቆመች ያለፈችበት ነው። እኔም በዚያ መንገድ ሄድኩ።

ትናንት ወንዙ ጋ ደረስኩ። አሻራው እስከ አንድ መስመር ድረስ አለ። መስመሩ ልጅቷን ውኃው እንደወሰዳት ይናገራል። ከዚያ በታች ነጠላዋ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ሲገኝ፣ እናትየው ስትሰማ፣ ለቅሶው፣ ቀብሩ፤ ሁለት ገጽ ሙሉ። እነዚያ ሁለት ገጾች ንጹሕ ናቸው፤ አንድ ጣት አልነካቸውም።

አለቀስኩ። በርበሬው ነው አላልኩም። ያቺ ፊደል ስትለይ የሚያልባት ሴት፣ መጽሐፉን እንደያዘች፣ እኔ ጀርባዬን እንደሰጠኋት፣ የራሷን መጨረሻ ወለደችልኝ። አባ ልብ ብቻውን የወለደው ያሉት ይህ ከሆነ ቃሉን በትክክል ፈትተውታል። ለካህኑም ያንኑ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም በዚያ ፈቱኝ። ልጅቷን ምን እንዳገኛት እያወቀች ደግሞ እኔን ወንዝ ዳር አድርሳ ለቀቀችኝ። ከንፈሯ ምን ይል እንደነበር አሁን የገባኝ ይመስለኛል።

እና እህቴ፣ ልብ ወለድ አነባለሁ። ነገም ይዤ እመጣለሁ፤ ሳቂ። ደራሲው እንዳሻው ይጻፍ። ልጅቷ ተሻግራለች። እናቴ አንብባልኛለች።