የወይዘሮ ጥንዚዛ ጋውን

እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ እሱም በወር አንዴ ነው ትዝ የሚለው። ለሌላው ሰው ሁሉ "ወይዘሮ ጥንዚዛ" ናት። በአትክልት እርሻው ግቢ፣ ከግሪን ሃውሶቹ ጀርባ ባለችው ሞቃት ክፍል ውስጥ ጥንዚዛ ታረባለች። ሥራዋን ስትናገር የማይስቅ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። "ሰው በግ ያረባል፣ ሰው ዶሮ ያረባል፤ አንቺ ምን ነክቶሽ ነው?" ይሏታል። እሷም ኮራ ብላ "የኔዎቹ ደመወዝ የማይጠይቁ ወታደሮች ናቸው" ትላለች።

እውነቷን ነው። ጥንዚዛዎቹ እነዚያ ቀይ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ልጆች ጣታቸው ላይ እያስኬዱ የሚጫወቱባቸው ናቸው። ሲያዩአቸው ጌጥ ይመስላሉ እንጂ ለሆዳቸው የሚስተካከላቸው የለም። ቃሪያው ላይ ክሽክሽ የሚሉት የቅጠል ቅማል ሲሰፍርበት፣ እርሻው መርዝ ከመርጨት ይልቅ እነሱን ይለቅበታል። እነሱም ከቅጠል ቅጠል እየዞሩ ቅማሉን ጠራርገው ይበሉታል።

በክፍሉ አንዲት ባልደረባ አለቻት። የዚህችኛዋ ሥራ የጥንዚዛዎቹን ቀለብ፣ ማለትም ያንኑ ክሽክሽ፣ በባቄላ ችግኝ ላይ ማሳደግ ነው፤ ስለዚህ "ቀላቢዋ" ትባላለች። "እናቴ ስትወልደኝ ቅማል ትቀልባለች ብላ አስባ ይሆን?" እያለች በራሷ ትቀልዳለች። የሁለቱ አለቃ ደግሞ ዶክተሯ ናቸው። የነፍሳት እንጂ የሰው ሐኪም አይደሉም፤ ያም ሆኖ ግቢው ውስጥ ራሱን ያመመው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው እሳቸው ዘንድ ነው።

ዶክተሯ የሚስቁ የሚጫወቱ ሰው ናቸው። በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቁም። ወይዘሮ ጥንዚዛ የተቀጠረች ዕለት በሩ ላይ አቁመው፣ "እዚህ ክፍል የሚሠራ ሰው መርዝ የተረጨበት ቦታ ዝር አይልም። መርዝ ከሚረጭ ሰው ጋርም አንድ ጣሪያ ሥር አያድርም። ቤትሽ እንዲህ ያለ ሰው አለ?" ብለው ጠየቋት። የለም አለች። በዚያን ጊዜ ባሏ የመጋዘን ዘበኛ ስለነበረ ዋሸች አይባልም።

ኋላ መጋዘኑ ተዘጋ። ባሏ ብዙ ደጅ ጠንቶ፣ ከወንዙ ማዶ ባለ የጎመን እርሻ በመርዝ ረጪነት ተቀጠረ። ይህንን ለዶክተሯ መንገር ነበረባት። ዛሬ ነገ ስትል ቆየችና ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

በዚያው ሰሞን አረገዘች።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አማቷ እንኳ "እስቲ ምን ወሬ አለ?" ማለት ሰልችቷቸው ከተዉ ዓመታት አልፈዋል። ባሏ ሲሰማ ወንበሩን ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየረላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንበስ ቀና አትበይ፣ ባልዲ አትንኪ፣ ልብስ እኔ አጥባለሁ አለ። አለ ብቻ ሳይሆን አደረገው። ጎረቤቶች ሳፋው ላይ አጎንብሶ ሲያዩት፣ "ሚስትህ አረገዘች ወይስ ነገሠች?" ይሉታል። "ምኑ ይለያያል?" ይላል እሱ፣ አረፋ በአረፋ ሆኖ።

ጋውኗንም የሚያጥብላት እሱ ነው። በደንቡ ጋውኑ እዚያው ሥራ ቦታ መታጠብ ነበረበት። ነገር ግን የግቢው ልብስ አጣቢ ሳሙና ስለምትሰስት ነጩን ቢጫ አድርጋ ትመልሰዋለች፤ ወይዘሮ ጥንዚዛ ደግሞ ቆሻሻ ነገር ስታይ ያንገሸግሻታል። ስለዚህ ወደ ቤት ትወስደዋለች። የቤታቸው ቧንቧ ደስ ሲለው እንጂ ውሃ አይሰጥም። ባሏ ውሃው ሲመጣ ያለውን ሁሉ፣ የእሷን ጋውን፣ የራሱን የሥራ ቱታ፣ አንሶላውን ሳይቀር በአንድ ሳፋ ዘፍዝፎ ያጥበዋል። ጋውኑ እንደ በረዶ ነጥቶ ሲመለስላት "እጅህ ይባረክ" ትለዋለች።

የመጀመሪያው መጥፎ ነገር የታየው እንቁላሉ ላይ ነው። ጥንዚዛ ቢጫ እንቁላል ከቅጠል ሥር ቀጥ ቀጥ አድርጋ ትደረድራለች። ሊፈለፈል ሲል ግራጫ ይሆናል፤ ከዚያ ከፍርፋሪ የማይበልጡ ጥቋቁር ግልገሎች ይወጣሉ። አሁን ግን እንቁላሉ ቢጫ እንደሆነ ቆየ። ቀኑ አለፈ። ኋላም መሀሉ ጎድጉዶ ደረቀ።

ትልልቆቹ ጥንዚዛዎች ምንም አልሆኑም። ይበላሉ፣ ይበራሉ፣ ይዳራሉ፣ እንደ ልማዳቸው ይጥላሉ። ያስፈራትም ይኸው ነበር። አንዷ እንኳ ሞታ ብትገኝ አንድ ነገር ነው። ከላይ ደህና የሆነ ነገር ሁሉ ከውስጥ ባዶ ሲወጣ ግን ሰው ምኑን ይይዛል?

ዶክተሯ መጀመሪያ ሙቀቱን ጠረጠሩ። ቀጥሎ ውሃውን፣ ቀጥሎ የቀላቢዋን ባቄላ። ቀላቢዋ "የኔ ቅማሎች ንጹሐን ናቸው!" ብላ ተቆጣች፤ ሁሉም ሳቀ። ወይዘሮ ጥንዚዛም ሳቀች፣ ግን ሳቋ ጥርሷ ላይ ቀረ። ምን ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል። ዶክተሯ ቀና ባሉ ቁጥር እሷን ያዩ ይመስላታል።

አንድ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ጥንዚዛዎቹን ከአሮጌው ሣጥን ወደ አዲሱ ታዛውር ነበር። በጣት መያዝ እግራቸውን ስለሚሰብር የራሷ ዘዴ አላት፤ ክንዷን ሣጥኑ ውስጥ ታስገባና በነጩ እጅጌዋ ላይ እንዲወጡ ትጠብቃለች፣ ከዚያ አዲሱ ሣጥን ውስጥ ታራግፋቸዋለች። የዚያን ቀን አንዷ ወደ ትከሻዋ ስትወጣ አንገቷን አዘንብላ አየቻት። አፍንጫዋ ጋውኑን ነካው። ከሳሙናው ሽታ ሥር ሌላ ሽታ አለ። ስስ ነው፣ ግን ታውቀዋለች። ባሏ ከሥራ ሲመለስ ቱታውን የሚሰቅልበት ሚስማር አካባቢ ያለው ሽታ ነው።

መጀመሪያ ያሰበችው ጥንዚዛዎቹን አልነበረም፤ እጇ በራሱ ጊዜ ወደ ሆዷ ሄደ። ጋውኑ የተቆለፈው እዚያ ላይ ነው። ስድስት ወር ሊሞላት ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ቀኑን ሙሉ በላብ ተጣብቆባት የሚውለው ይህ ጨርቅ ነው።

"ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?" አለቻት ቀላቢዋ።

"ወገቤን ነው" አለች።

ጋውኑን አውልቃ ከቀላቢዋ ትርፍ ጋውን ተዋሰች። ደግሞም ተስፋ አልቆረጠችም፤ ምናልባት ሽታው ሽታ ብቻ ይሆናል። ከጋውኗ ጫፍ ጥቂት ቀደደችና በአንድ ሣጥን ውስጥ አነጠፈችው። በሌላ ሣጥን ውስጥ አዲስ ጨርቅ አነጠፈች። ሁለቱም ውስጥ ሊጥሉ የደረሱ ጥንዚዛዎች ጨመረችና መደርደሪያው ጥግ ደበቀቻቸው።

እነዚያ ቀናት አልነጋ አልመሽ አሏት። እቤት ባሏ "ብይ እንጂ" ሲላት ትበላለች። ሲያጫውታት ትስቃለች። ልጁ ሆዷ ውስጥ ሲንፈራገጥ ለአፍታ እፎይ ትላለች፣ ወዲያው ደግሞ ጥንዚዛዎቹም ሲንቀሳቀሱ ደህና እንደነበሩ ትዝ ይላታል። ፈራች። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አዲሱ ጨርቅ ያለበት ሣጥን ውስጥ እንቁላሉ ግራጫ ሆነ፤ በማግሥቱ ጥቋቁሮቹ ግልገሎች ቅጠሉ ላይ ፈሰሱ። ጋውኗ ያለበት ሣጥን ቢጫ እንደሆነ ቀረ። የባቄላው ሣጥን ላይ ቁጭ አለች።

ማታ ባሏ እንደገባ በር ላይ ያዘችው። "የምትረጨው መርዝ ስሙ ምንድነው?"

"ስሙን እኔ ምን አውቄ? ነጩ ነው የምንለው። አለቃው በርሜል ውስጥ በጥብጦ ይሰጠናል፣ እንረጫለን።" ፊቷን አየና ድምፁ ተለወጠ። "ምን ሆነሻል?"

ነገረችው። ስለ ሳፋው ስትነግረው እጆቹን አየ፤ ከዚያ ከኋላው ደበቃቸው፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው።

"እኔ እንዳትደክሚ ብዬ..." አለ።

በማግሥቱ ባዶውን ጠርሙስ ከእርሻው ቆሻሻ ጉድጓድ አውጥቶ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣላት። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ከስዕሎቹ ውስጥ የገባት ጓንቱ ብቻ ነው። ጎረቤት ያለው ተማሪም ሞክሮ "የኬሚስትሪ ነገር ነው" ብሎ መለሰው። ይህን አንብቦ የሚነግራት አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ያ ሰው ደግሞ ደንቡን መጣሷን ካወቀ ከሥራ የሚያባርራት ሰው ነው። ባሏ አሁን እዚያ እርሻ መመለስ የለበትም፤ እሷም ከተባረረች ቤቱ በምን ይቆማል? መንገዱን ሁሉ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። የዶክተሯ ቢሮ በር ላይ ስትደርስ ግን ልጁ አንዴ ረገጣት፣ በሩንም አንኳኳች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ከጀመረች በኋላ መመለስ አልቻለችም። ባሏንም፣ ሳፋውንም፣ ሁለቱንም ሣጥኖች አወራች። ዶክተሯ አላቋረጧትም።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አሉ በመጨረሻ። ቁጣ ግን ድምፃቸው ውስጥ አልነበረም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር ብላ አሰበች። መነጽራቸውን አድርገው ጠርሙሱን በፌስታሉ እንዳለ ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

"ምን ይላል?"

"ነፍሳቱን ወዲያው አይገድልም። እንቁላሉ ውስጥ ያለው ግልገል ቆዳ እንዳያበጅ ያደርጋል።" ቀና ብለው አዩዋት። "ስሚኝ፣ ሰው እንደ ጥንዚዛ ዓይነት ቆዳ የለውም። የነሱ ሌላ ነው።"

አየር ሳበች። "እንግዲያው ልጄን አይነካብኝም?"

ዶክተሯ ማንበባቸውን ቀጠሉ። ከታች በኩል አንድ መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ።

"እትዬ፣ ምን ይላል?" አለች። ዶክተር ማለቱ ጠፋባት።

"ነፍሰ ጡር እንዳትነካው ይላል።"

"ለምን?"

"ለምን እንደሆነ አልጻፉም።"

ዶክተሯ አላባረሯትም። ከጥንዚዛ ክፍሉ አውጥተው ወደ ችግኝ ቆጠራ አዛወሯት፤ በዚያኑ ቀንም በራሳቸው መኪና ሆስፒታል ወሰዷት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። በማሽኑ የልጁን ልብ አሰማት፤ ድው ድው ድው ይላል፣ የሚሮጥ ሰው ይመስል። "ደህና ነው" አላት። "ፍጹም ደህና ነው ማለት ነው?" አለችው። "እስካሁን የሚታየው ደህና ነው። የቀረውን ሲወለድ እናያለን" አላት። እጁን ታጥቦ ቀጣይዋን እናት ጠራ። ወይዘሮ ጥንዚዛ አልጋው ላይ እንደተጋደመች ቀረች፤ ነርሷ መጥታ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት።

ባሏ የዚያን ቀን ሥራውን ለቆ ቱታውን እዚያው ጥሎ መጣ። በመንገድ ላይ የሕዝብ መታጠቢያ ገብቶ ታጥቧል፤ ከወንድሙ በተዋሰው ልብስ ነው የመጣው። ሱሪው አጥሮታል፤ በሌላ ቀን ቢሆን ስቃ በሞተች። አንገቱና እጆቹ ከመፋቅ ብዛት ቀልተዋል። በሩ ተከፍቶ ሳለ ደፉ ላይ ቆመ።

"ልግባ?" አለ።

የገዛ ቤቱ ነው። ግድግዳውን ራሱ ነው የቀባው። "ምን ማለትህ ነው፣ ግባ እንጂ" ልትለው ፈለገች፤ ቃሉ አፏ ላይ ደርሶም ነበር። የምትወደው ሰው ነው፣ ለእሷ ሲል ያጠበ ሰው ነው። ግን እጆቹን አየች፣ ያን ሽታ የፈለገ አፍንጫዋም ሳታዘው ሳበ። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

እሱም አየ።

"እሺ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ደግሜ ልታጠብ።" ወደ ቧንቧው ተመለሰ።