በሁለተኛው አጋማሽ የምትቆመው ማሽን

ጎረቤቴን ሰው ሁሉ ካቻቢቴ ይለዋል። ስሙ የወጣለት ጆሮው ላይ ከማትጠፋው ትንሽ ካቻቢቴ ነው፤ ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ቦታ እሱ እሷን ይሰካል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ወሬ እንደምወድ መደበቅ አያስፈልግም። የሱን ሱቅ ከኔ ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ ሳንቃ ነው። እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። እሱም ካውያ አለው፣ እኔም አለኝ። የኔ ሱሪ ይተኩሳል፣ የሱ ሽቦ ይበይዳል። ሁለቱን ባንዴ ከሰካናቸው መብራቱ እልም ስለሚል፣ «እትዬ፣ ልሰካ ነው!» «ቆይ፣ ኮሌታውን ልጨርስ!» ስንባባል አስራ አምስት ዓመት ኖረናል።

ሥራው የጌም ማሽን መጠገን ነው፤ በተለይ ቺፕ የገባለትን። ለማያውቅ ሰው ልንገር። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚቀበለው ኦሪጅናል ዲስክ ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ ጥፍር የምታህል ቺፕ ከተበየደችለት ግን ኮፒውንም ያነባል። ካቻቢቴ ያቺን ቺፕ ፀጉር በሚያካክሉ ሽቦዎች ሲበይድ እጁ ንቅንቅ አይልም። ታዲያ እንዲህ የተነካካ ማሽን አመለኛ ነው፤ አንድ ቀን ተነስቶ ዲስክ አላነብም ይላል።

ያኔ ካቻቢቴ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሌላ ዲስክ ያስገባል፤ ጥፋቱ የዲስኩ ሊሆን ይችላልና። ኦሪጅናሉን አንብቦ ኮፒውን እምቢ ካለ ዲስኩን የሚያነበው ሌንስ ደክሟል ማለት ነው። ቀጥሎ ሌንሱን በጥጥና በአልኮል ይጠርጋል። ጥጡን የሚወስደው ለኮት ትከሻ ካስቀመጥኩት ላይ ነው፤ አንድም ቀን መልሶልኝ አያውቅም። ይህም ካልሆነ ከሌንሱ ጎን ያለችውን የትንኝ ዓይን የምታህል ብሎን በጥቂቱ ያዞራል። የሌንሱ ብርሃን ይጠነክራል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። ይህንን ለባለቤቱ ሳይነግር ነክቷት አያውቅም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል። ደንበኛ «ልጄ ጥሎት ነው»፣ «እኔ አልነካሁትም» እያለ ሲምል ደግሞ ቀና ብሎ ሳያየው «ማሽን አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው» ይላል። ይቺን አባባሉን አልወዳትም ነበር። ለምን እንደማልወዳት አሁን እናገራለሁ።

ካቻቢቴ ታናሽ ወንድም ነበረው። እናታቸው ስትሞት ትንሹ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ ታላቅየው አስራ ዘጠኝ። እንደ አባትም እንደ እናትም ሆኖ ያሳደገው እሱ ነው። ሸሚዙን አጥቦ፣ ደብተሩን ሸፍኖ፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ገና ጢሙ ሳይወጣ እየሄደ። ልጁም «ጋሼ» ሲለው ከአፉ ማር ጠብ የሚል ይመስል ነበር። ከፍ ሲል በሱቁ ውስጥ አራት ማሽን ተክለው ጌም ቤት ከፈቱ። ጥገናው የታላቅየው፣ ጌም ቤቱ የታናሽየው ሆነ።

ልጁን ሰፈሩ ጋዜጠኛው ነበር የሚለው። ጎረምሶች ኳስ ሲጫወቱ ከኋላቸው ቆሞ፣ የውሃ ኮዳ እንደ ማይክ ይዞ፣ ጨዋታውን በሬዲዮ እንደሚተላለፍ አድርጎ ይዘግባል። «ያገኛል! ይሞክራል! ኧረ የት ነው የሚያየው ይሄ ሰውዬ!» ሲል እኔ በሳንቃው ማዶ ቀሚስ እየሰፋሁ ስቄ እጅጌውን አንገት ላይ ገጥሜው አውቃለሁ።

አንድ ጊዜ የሰፈሩ ጎረምሶች ውድድር ተደረገ። ሱቁ ከጠዋት ጀምሮ ሞልቶ መስኮት ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠልጥሏል። የሚጫወቱት በምርጧ ማሽን ነው። ካቻቢቴ ከአንድ ወር በፊት በገዛ እጁ ቺፕ ያስገባላት፣ ማታ ማታ ቤት የምታድር፣ ጠዋት ጠዋት ጋዜጠኛው በትከሻው ተሸክሞ የሚያመጣት ነች። የፍጻሜው ጨዋታ የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። ሁለተኛው ሊጀመር ሲል ማሽኗ ቀጥ አለች። እንደገና አስነሷት። አሁንም ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ስትደርስ ቀጥ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ጎረምሳው ያፏጫል፣ ይሳደባል፣ «ይሄ ነው ጠጋኝ የምትሉት!» የሚልም አልጠፋም።

ካቻቢቴ ማሽኗን ገልበጥ ሲያደርጋት ጥጓ ላይ ስንጥቅ አየ።

«ጥለሃታል» አለው።

«ኧረ አልጣልኳትም፣ ጋሼ። ስንጥቁ የድሮ ነው።»

«ማሽን አይዋሽም!» ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በጥፊ መታው።

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ጉንጩን እንኳን አልያዘም። ታላቁን ብቻ አየው፣ ከዚያ ኮዳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱ አንድ ቦርሳ ይዞ ከተማውን ለቀቀ።

ካቻቢቴ ሳምንቱን ሙሉ ማሽኗ ላይ ዋለ። ሌንሱን ጠረገ፣ ብሎኗን አዞረ፣ በመጨረሻም ሌንሱን አውጥቶ በአዲስ ቀየረ። የማንበቢያውን ክፍል ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ሲሞክረው ሌንሱ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤ መልሶ ሲገጥመው ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ይቆማል። «ስትወድቅ ሌንሱ የሚሄድበት ሐዲድ ተጣሟል» ብሎ ደመደመ። ዲስኩን እንኳን ሳያወጣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀላት። እንደ ምስክር መሆኑ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ እትዬ። አንድ ቀን ጣልኳት ይለኛል፣ ያኔ እጠግናታለሁ» አለኝ።

እንዲህ ሆድና ጀርባ ሆነው ስምንት ዓመት አለፈ። ጋዜጠኛው የአንድ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ከተማ የመጋዘን ጥበቃ ሆነ። በየወሩ እኔ ጋ ይደውላል። «ጋሼ ደህና ነው? አሁንም ቁርስ ሳይበላ ነው የሚወጣው?» ይለኛል። እኔም ጮክ ብዬ ነው የማወራው፤ በሳንቃው ማዶ የካውያው ድምፅ ቀጥ እንደሚል አውቃለሁና። ስጨርስ ካቻቢቴ ጥጥ ሊወስድ ይመጣና «የደወለው ማነው?» ይላል፤ የማያውቅ ይመስል። «ታርቀኸው ለምን አትገላግለኝም?» ስለው መልሱ አንድ ነው፦ «ጣልኳት ይበል። ሌላ ምን ጠየቅኩት?» ለልጁ ስነግረው ደግሞ «ያላደረግኩትን እንዴት አደረግኩ ልበል፣ እትዬ?» ይለኛል። አንድ እናት ያጠባቻቸው ግትሮች! ማናቸው እንደዋሹ ግን አላውቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ልጁ ጥሏት ይሆናል ብዬ የማስብባቸው ቀኖች ነበሩ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት ደወለ። ድምፁ ሳስቷል። ኩላሊቱ መታመሙን ከዚያ በፊት ነግሮኛል።

«ሐኪሞቹ ምን አሉህ?» አልኩት።

«ጭማሪ ደቂቃ ላይ ነህ አሉኝ፣ እትዬ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠና «ጋሼን ማየት እፈልጋለሁ» አለኝ።

ስፌቴን ጥዬ ሄድኩ። ካቻቢቴ ሁሉንም ሰምቷል፤ ሰማያዊ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ዱካው ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል።

«ተነስ፣ ሂድ» አልኩት።

«ጣልኳት ይበል።»

«ሰውዬ፣ ልጁ እየሞተ ነው!»

«አንዲት ቃል ናት፣ እትዬ» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል። አሁን ዝም ብዬ ብሄድ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ቆየሁ?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። ልጮህበት አስቤ ነበር፣ ግን ጊዜ አልነበረም። ወጥቼ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ለልጁ ደወልኩለት።

«ስማ፣ ልጄ። ጣልኳት በል።»

ሲያስል ጠበቅኩት።

«ምን ይጎድልብሃል? ማሽን ናት። ጣልኳት በልና ይምጣልህ።»

የሆስፒታሉ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ከዚያ በድሮው የዘገባ ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጣላት! በሰማኒያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ፣ ውድ አድማጮቻችን፣ ጣላት!» አለ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁም። «ንገሪው፣ እትዬ። ጣልኳት ብሏል በይው።»

ነገርኩት። ካቻቢቴ ብድግ ብሎ «አላልኩሽም? አላልኩሽም?» እያለ ሳቀም አለቀሰም። እኔ የአውቶቡሱን ሰዓት ነገርኩት። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደ።

አስራ አንድ ቀን አብረው ቆዩ። ጢሙን ላጨው፣ እግሩን አጠበው፣ እንደ ልጅነቱ በማንኪያ አጎረሰው። በአስራ አንደኛው ቀን አረፈ።

ሲመለስ ለቅሶ ሊደርስ ለመጣው ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነበር። «ራሱ በአፉ ነገረኝ። ጋሼ፣ ከእጄ አምልጣኝ ነው አለኝ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። ይቅር ተብሎ ነው የሄደው።» ሰው «ታድለህ» ይለዋል። መጽናኛው ይቺ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ እኔም ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ከወር በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በሳንቃው ማዶ ጠራኝ። «እትዬ፣ ባትሪ ያዥልኝ።» ማሽኗን አውርዷታል። ጨርቁ በአቧራ ግራጫ ሆኗል። «እሱን ይቅር ካልኩት እሷስ ምን አጠፋች? ሐዲዷን ቀይሬ ለሱ መታሰቢያ አስቀምጣታለሁ» አለኝ። አዲሱ ሐዲድ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሐዘን ጉልበቱን ጨርሶት ነበርና እንደ ድሮው ማንበቢያውን ነቅሎ አላወጣውም። ክዳኗን ብቻ አንስቶ፣ ሁሉን በቦታው እንደተቀመጠ ሊያየው አስነሳት። የዚያን ቀኑ ዲስክ ውስጧ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ አለፈ። ሁለተኛው ሊጀምር ሲል ሌንሱ ከዲስኩ ሥር ወደ ዳር መሄድ ጀመረና ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ቆመ። እኔ ባትሪውን በጎን ዝቅ አድርጌ አበራሁ።

«ይቺ ሰማያዊ ክር ምንድናት?» አልኩት። ሙያዬ ነው፤ ክር አያመልጠኝም።

«የምን ክር?»

ጎንበስ አለ። ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ በአንድ ዓይኑ ብዙ አየ።

«ክር አይደለችም» አለ። «ሽቦ ናት። የቺፗ ሽቦ። የኔ ሽቦ ናት።»

ሲበይዳት አስረዝሟታል። በሙጫ አጣብቋት ነበር፤ ያን ቀን ማሽኗ ከጠዋት ስትሠራ ውላ ሲግላት ሙጫው ለቀቀና ሽቦዋ በሌንሱ መንገድ ላይ ቀና አለች። ሌንሱ ከዳር ሲደርስ ይጋጫል፣ ይቆማል። ማንበቢያውን ነቅሎ ሲያወጣው ደግሞ የሚጋጨው ነገር ስለሌለ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። ሐዲዱ አልተጣመመም። ስንጥቁም ስንጥቅ ብቻ ነበር፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ ጥጉ ያልተሰነጠቀ ማሽን መች አለና።

በትንሿ ጣቱ ሽቦዋን ገፋ አደረጋት፣ ሙጫ ጠብ አደረገባት። ቁልፍ ከመትከል ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀበት። እንደገና አስነሳት። የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። ሁለተኛው አጋማሽ ጀመረ። ተጫዋቾቹ ማንም ሳያዛቸው ሜዳው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። የሚዘግብ የለም። የልጁ ኮዳ ዛሬም መስኮቱ ላይ ናት።

«ጣልኳት ያለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ ነው» አለ ካቻቢቴ። «ካልጣላት ለምን ጣልኳት አለኝ?»

ዝም ልል እችል ነበር። ግን ስምንት ዓመት የተሸከምኩት ወሬ፣ ካንድ ወር በላይ የተሸከምኩት ውሸት ከብዶኛል። «እኔ ነኝ በል ያልኩት» አልኩት። «እንድትመጣለት ብዬ። እሱም እሺ ያለኝ አንተን ለማየት ነው።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣ በወደድኩ። ጆሮው ላይ ያለችውን ካቻቢቴ አውርዶ ከማያስፈልገው ሐዲድ አጠገብ አስቀመጣት።

«ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት'ኮ፣ እትዬ» አለኝ። «እኔ፣ እሱን። እሱም እጄን ይዞ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ አለኝ።»

ባትሪውን አጥፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ።