ዛሬ የቆለፍነው በር

ዛሬ «አገርሽ የት ነው?» ብዬ ቤቱን ሙሉ ጸጥ አሰኘሁት።

እዚህ ስደት አገር፣ አል-ሳሃፋ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ጁምዓ ጁምዓ የሚመካከሩበትን ቡድን የምመራው እኔ ነኝ። አዲስ ሰው ሲመጣ በዚህ ጥያቄ ነው የምንጀምረው። (እናቴ ሐበሻ፣ አባቴ ሱዳናዊ፤ እኔ ራሴ ጥያቄውን እየጠላሁ ነው ያደግሁት።)

አገር ቤት ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ስንሰበሰብ ግን ዛሬ የመጀመሪያችን ነበር።

የጠየቅኋት አዲስ ልጅ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሌላ አዲስ ልጅ ዞር አለች። «እሷንስ ለምን አልጠየቅሻትም፣ እህቴ?»

እሷን ብቻ እንድጠይቅ ያደረገኝ የአማርኛዋ ቅላጼ ነበር። ሁሉም ገብቷቸዋል።

«ያላ፣ ደህና ሁኑ» ብላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

አንዷ ተነስታ ከኋላዋ በሩን ቆለፈችው። ቆልፈን አናውቅም ነበር። «ክፈቺው» ያለ ሰው የለም። እኔም አላልኩም።

እናንተስ ሰሞኑን ማንን ለይታችሁ ጠየቃችሁ?