የመርሻ ክዳንና ሰባተኛው ሕግ

ጅጅጋ ላይ ኳስ ዕድሜ አልነበረውም። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ ነውና ሰኞ የተነፋ ኳስ ረቡዕ ተንፍሶ ይገኛል። የስፖርት አስተማሪው መርሻ በ1972 ዓ.ም. ከቢቸና ተመድቦ ሲመጣ የተረከበው ንብረት አንድ ፊሽካና ሁለት የፈነዱ ኳሶች ነበር። ንፋሱን ሳንቆጥር ነው።

መርሻ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። የትልቅ ቆርቆሮ ክዳን ፈልጎ፣ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ጠቀለለው። ሲወረውሩት እየተሽከረከረ ይበራል፤ እሾህ ላይ ቢያርፍም ምንም አይሆንም። ከዚያ ሕግ አወጣለት። ሕግ ማውጣት ይወድ ነበር፤ የቤቱ በር ላይ እንኳን ጫማ የት እንደሚወልቅ የሚያዝ ወረቀት ለጥፏል።

በአንድ ወገን ሰባት ሰው ይሰለፋል። ክዳኑን የያዘ አይራመድም፣ አምስት ሳይቆጠር ለጓደኛው ይወረውራል። ክዳኑ መሬት ከነካ የሌላው ወገን ይሆናል። ጎል በሁለት ድንጋዮች መካከል ነው፤ ከበረኛው ራስ በላይ ያለፈ አይቆጠርም። በረኛው በአመድ በተሰመረ ክብ ውስጥ ይቆማል፤ ከክቡ ወጥቶ ከያዘ እንደ ገባ ይቆጠራል። ሰባተኛውን ሕግ መርሻ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል፦ ፊሽካ ከተነፋ ክርክር የለም።

ስድስቱን ተማሪዎቹ በአንድ ቀን ለመዱ። ሰባተኛው ግን አልገባ አላቸው። ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ክዳኑን መሬት ያስቀምጡና ዙሪያውን ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። መርሻ ጉንጩ እስኪያብጥ ይነፋል፤ የሚነሳ የለም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጉሌድ፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሽማግሌ፣ ከበሩ ሆነው ይስቁበት ነበር፤ እሳቸው በሶማሊኛ «መዓሊም»፣ አስተማሪ፣ ይሉታል፤ እሱም «አዴር»፣ አጎቴ፣ ይላቸዋል።

«መዓሊም፣ ሰው ሳይሰማ ይፈረድበታል እንዴ? እኛ ዘንድ የግመል ነገር ከተነሳ ሦስት ቀን ዛፍ ሥር እንቀመጣለን።»

«ይሄ ግመል አይደለም አዴር ጉሌድ፣ ክዳን ነው!»

«ታዲያ ለክዳን ምን አስቸኮለህ?»

ያስቸኮለውስ ሌላ ነበር። ሚስቱ አገሬ ቢቸና ቀርታለች። ሲለያት ጡት ትጠባ የነበረችው ልጁ አባቷን የምታውቀው በፎቶግራፍ ነው። ሦስት ጊዜ ዝውውር ጠይቆ ሦስቴም ተተኪ የለም ተብሏል። በ1974 መጋቢት ላይ ግን፣ የጨዋታውን ወሬ የሰማ አንድ የስፖርት ሹም ሊያየው እንደሚመጣ ላከበት። ከወደደው መርሻን ወደ ቢቸና አካባቢ አዛውሮ ጨዋታውን እንዲያስተምር ሊያደርገው ነው። መርሻ ለአገሬ «ልመጣ ነው» ብሎ ጻፈ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ቀኑ ደረሰ፤ ሹሙም ጥላ ሥር ወንበር ተሰጠው። ጨዋታው እኩል ለእኩል ሊያልቅ ሲል ረዲ የሚባል ተማሪ ወደ ጎል ወረወረ። በረኛዋ ዑባህ ተንጠራርታ ያዘችው። መርሻ ነፋ።

«ከክቡ ወጥተሻል! ጎል!»

ዑባህ ክዳኑን መሬት አስቀምጣ ተቀመጠች። አሥራ ሦስቱም መጥተው ዙሪያዋን ቁጭ አሉ።

«ተነሱ!» አለ መርሻ። ሹሙ ሰዓቱን አየ።

«ቲቸር፣ ክቡን ያሳዩኝና እነሳለሁ» አለች ዑባህ።

መርሻ ጎንበስ ብሎ አየ። አመድ የሚባል የለም፤ ንፋሱ ጠራርጎ ወስዶታል። ልጅቷ ትውጣ አትውጣ አላየም፣ የነፋው በግምት ነበር። ጎል ነው ብሎ ቢደርቅ ሰባተኛው ሕግ አለለት፤ ሹሙም የሚወደው እንዲህ ያለውን ዳኛ ነው። አገሬ በዓይኑ ላይ መጣችበት። ግን ያላየውን አየሁ ብሎ ቢቸና መግባት አልሆንልህ አለው። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ክዳኑ አጠገብ አኖረና ተቀመጠ።

«እኔ አላየሁም። ያየ ይናገር» አለ።

አንድ በአንድ ተናገሩ። ሹሙ ግማሹን እንኳን አልጠበቀም፤ «ዳኛ መሬት የሚቀመጥበት ስፖርት አላውቅም» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ጎሉን በመጨረሻ የሻረው ራሱ ረዲ ነበር፤ «እኔም እግሯን አላየሁም» አለ።

መርሻ ያን ሰሞን እህል አልበላለት አለ። ኋላ ለአገሬ «አልመጣም፣ አንቺ ነይ» ብሎ ጻፈላት። መልስ ሳትልክለት ቆይታ፣ በ1975 ጥቅምት፣ አቧራ ለብሳ ልጇን አዝላ ከአውቶቡስ ወረደች። ጉሌድ ሜዳው ድረስ አመጧት።

«ለዚህ ክዳን ነው ልጅ አሳቅፈህ ሦስት ዓመት ያስቀመጥከኝ?» አለችው፣ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም።

መርሻ ክዳኑን መሬት አስቀምጦ ቁጭ አለ።

«ተነስ እንጂ! ሰው ያየናል!»

«አንቺ ተናግረሽ እስክትጨርሺ አልነሳም።»

አገሬ ቆማ አየችው። ከዚያ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። የሦስት ዓመቱን ሁሉ፣ ሌሊት ያለቀሰችውንም ጭምር፣ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ነገረችው። ፊሽካው አንገቱ ላይ ነበር። አንድም ጊዜ አላቋረጣት።